ከሌን አውልቄ የገባሁበት ሰፈር

ከደብረ ታቦር ከተመለስኩ ወዲህ የድሬዳዋ ጎረቤቶቼ «ምን አየሽ?» ይሉኛል። ብዙዎቹ ጉልበታቸው ለዚያ መንገድ የማይበቃ ናቸው። በአንድ ቁጭታ ተናግሬ የምጨርሰው ነገር ስላልሆነ ቀስ እያልኩ እጽፍላቸዋለሁ።

ባለቤቴ ይስማው የደብረ ታቦር ልጅ ነው። በወጣትነቱ ለማስተማር ድሬዳዋ መጥቶ በዚያው ቀረ። ዕድሜያችንን ሙሉ «ለከርሞ አብረን እንሄዳለን» ስንባባል ኖርን። በነሐሴ መጨረሻ ቀበርኩት፤ በጥቅምት ብቻዬን ሄድኩ።

የሄድኩት ለማልቀስ ነው። ድሬዳዋ ላይ ያለቀሰልኝ ሰው ሞልቷል፤ ግን ሁሉም የሚያውቀው መምህሩን ይስማውን ነው። ሕፃኑን ይስማው የሚያውቁት እናቱ ስትሞት የወሰዱት አክስቱ እማማ አንጓች ናቸው። ከእሳቸው ጎን ተቀምጬ አንድ ቀን ሙሉ ባለቅስ ይወጣልኛል ብዬ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን

ልጄ በአውሮፕላን ካልሆነ አትሄጂም ብላ ስላስገደደችኝ ጠዋት ከድሬዳዋ ተነስቼ፣ አዲስ አበባ ላይ ቀይሬ፣ ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር ገባሁ። ባሕር ዳር ለድሬዳዋ ሰው አይከብድም። ዘንባባው፣ ባጃጁ፣ ከምሳ በኋላ የሚጫጫነው ሙቀት ሁሉ የቤት ነው። ልዩነቱ እኛ ዘንድ ወንዙ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ ከርሞ አንድ ቀን በቁጣ ይመጣል፤ እዚያ ውኃው ሁልጊዜ አለ፣ ማንንም አይጣራም።

ለእማማ አንጓች ልጅ ለየዝና ስልክ ደወልኩ። ሰሞኑን በዚያ በኩል መስመሩ ይመጣል ይሄዳል። «ነገ እመጣለሁ» ከማለቴ እንደ መጮህ ብላ፣ «መናኸሪያ እጠብቅሻለሁ! ከመኪናው እንዳትወርጂ! ሰምተሻል? እንዳት...» አለችና ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ አልገባም አለኝ።

ያደርኩበት ቤት ባለቤት እራቴን ካቀረበችልኝ በኋላ አልሄደችም። ጥቁር ልብሴን አይታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሐዘንተኛ ብቻዋን አትበላም» አለችና ከሳህኔ ጠቀለለች። ስለ ማን እንዳዘንኩ አልጠየቀችኝም። ስለ ሩዝ ዋጋና ስለ አማቷ አወራችልኝ፤ ሳላውቀው ሳህኑ አለቀ።

ሁለተኛው ቀን

በሚኒባስ ወጣን። መንገዱ ሰላም ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ከሰላምታ በፊት ይመጣል፤ የዚያን ቀን ሰላም ነበር። እስከ ወረታ ድረስ ሜዳ ነው፣ የታጨደ ሩዝ፣ በውኃው ዳር የቆሙ ነጫጭ ወፎች። ከወረታ በኋላ ግን መኪናው ሽቅቡን ሲያያዘው ቅዝቃዜው በመስኮቱ መግባት ጀመረ። እኔ የያዝኩት ስስ ሹራብ ነው። ይስማው ድሬዳዋ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ጋቢ ሲደርብ ስስቅበት የነበረው ትዝ አለኝ። ጋቢውን የለበሰው ለድሬዳዋ ብርድ አልነበረም።

ለእማማ አንጓች ጊሽጣ ይዤ ነበር፣ በካርቶን፣ በጥንቃቄ አሽጌ። አለም በር ከተማ ላይ አንድ ጥምጣም ያሰሩ ሽማግሌ ሲገቡ ረዳቱ ካርቶኑን ወንበር አስመስሎ አስቀመጣቸው። ትንሽ እንደሄድን ወደ ኋላቸው በእጃቸው ዳበሱ።

«ልጄ፣ ምንድን ነው የተቀመጥኩበት?»

«ጊሽጣ ነው።»

«ይበላል?»

«ይበላል፤ አሁን ግን ተቀምጠህበታል።»

መኪናው በሳቅ ፈረሰ። ረዳቱ «አንቱ በያቸው እንጂ እናቴ!» አለኝ። እኛ ድሬዳዋ ላይ ለትልቁም ለትንሹም አንተ ማለት ፍቅር ነው፤ ይስማው «አገሬ ስትሄጂ ታሳፍሪኛለሽ» ይለኝ ነበር። ይቅርታ ስጠይቃቸው ሽማግሌው ጣታቸውን ልሰው «ከዚህ የጣፈጠ ወንበር አላየሁም» አሉና ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉት። ጋቢው ጢስ ጢስ ይላል። እስከ ደብረ ታቦር በውስጡ እንቅልፍና ንቃት እያቀላቀልኩ ሄድኩ።

መናኸሪያ ስንደርስ ከሰው ሁሉ በፊት አንዲት ሴት ሚኒባሱ ውስጥ ዘላ ገባች። ፊቷ የይስማው ነው፤ ያው ሰፊ ግንባር። «ዋርሳዬ!» አለችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ራሴ ላይ ቀይ ሻርፕ ጣለችብኝ። «ቀና ሳትይ ነይ።»

ወሰደችኝና ከአንዲት ልብስ ሰፊ ጓደኛዋ ሱቅ፣ ከመጋረጃው ኋላ አስገባችኝ። የዝና ብዙ ዓመት ጅዳ ሠርታ የተመለሰች ናት፤ ሲከፋትም ሲደሰትም እጇ ሥራ አይፈታም። ከፌስታል ውስጥ አረንጓዴ ቀሚስ እያወጣች ነገረችኝ።

«እምዬ አልሰማችም።»

«ምኑን?»

«የይስማውን።»

እዚያ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ የነፍስ አባት ይዞ፣ በማለዳ ሄዶ፣ ሰውየውን ደግፎ ይነግረዋል። የይስማው ወሬ ሲደርስ ደግሞ እማማ አንጓች ለዓይናቸው ሞራ ግርዶሽ ሕክምና ስንት ጊዜ የጠበቁት ተራ ደርሶላቸው ነበር። ተደረገላቸው። ሐኪሙ ዓይኑ እስኪጠና ውኃ እንዳይነካው አለ። ቤተ ዘመዱ ተቀምጦ ተመካከረና እንባም ውኃ ነው ብሎ ፈረደ። መርዶው ይቆይ ተባለ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሳቸው ብቻ አያውቁም።

«እኔ የመጣሁት ላለቅስ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ።» ከሌን ከላዬ እያወጣች እሷ አለቀሰች። «ዓይኗ ነው ዋርሳዬ። ትንሽ ቀን ነው።»

ጥቁሩን ልብስ አጥፋ በፌስታሉ ከተተችው። በአረንጓዴ ቀሚስ ሰርገኛ መስዬ ወጣሁ።

እማማ አንጓች በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጭ በነጭ የለበሱ፤ ዓይናቸው ላይ ግን ከሕክምናው የተሰጣቸው ትልቅ ጥቁር መነጽር። በመካከላችን ጥቁር ያደረጉት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ደንግጬ «እንደምን አለሽ እማማ» አልኩ። የተሰበሰበው ጎረቤት እርስ በርሱ ተያየ። እሳቸው ግን ከትከት ብለው ሳቁ። «ልጄ ድሬዋ ድረስ ሄዶ አንቺ የምትለኝ ምራት አመጣልኝ!» ጉንጬን ይዘው ሳሙኝ፣ ሳሙኝ፣ ከትከሻዬ በላይ አሻግረው ተመለከቱ። «እሱስ?»

«ትምህርት ተከፈተ እምዬ» አለች የዝና ቶሎ ብላ። «አስተማሪ አይደል?»

«ደህና ነው?» ጥያቄው ለእኔ ነው።

«ደህና ነው» አልኩ።

ከአፌ የወጣው ቃል አየሩ ላይ ቆመ። ከነሐሴ ጀምሮ ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። ደህና ነው። ውሸት ሆኖ አልተሰማኝም፤ ከብርድ ወደ ሙቅ ክፍል እንደ መግባት ሆነ።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት ስነሳ ደመና መንገዱ ላይ ተኝቶ ነበር። እኛ ዘንድ ደመና በሰማይ ይታያል፤ እዚያ ሰው በውስጡ ይሄዳል። በግ ከደመና ይወጣል፣ ተማሪ ወደ ደመና ይገባል። የዝና ሂል የሚሉት የዓረብ ቅመም የገባበት ሻይ አቀረበችልኝ። እሷ ከጅዳ፣ እኔ ከድሬዳዋ፣ የሁለታችን ሻይ አንድ ነው፤ ጎረቤቶቿ ግን «መድኃኒት» ይሉታል።

እማማ አንጓች በትራቸውን ያዙ። «ነይ፣ ልጄ ያደገበትን ላሳይሽ። እሱ ሰነፉ እንደሆነ አላሳየሽ።» የዝናም ከኋላችን ተከተለችን።

አሮጌው ሰፈር ወደ ኢየሱስ ተራራ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። ነገሥታት የከተሙበት ሰፈር ነው ሲባል ግንብና ሐውልት የጠበቀ ያዝናል። ያለው የድንጋይ ካብ ነው፣ ሽበት ያበቀለ። ከታች ድንጋይ፣ ከላይ ጭቃ የሆኑ ፎቅ ቤቶች፤ የእንጨት ሰገነታቸው ወደ መንገዱ ያዘነበለ፤ ሣር የነበረው ጣሪያቸው ዛሬ ቆርቆሮ ሆኖ እሱም ዝጓል። የበሮቹ መድረክ በእግር ብዛት መሐሉ ጎድጉዷል። የድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር ቤቶች በየመሥመራቸው እንደ ተማሪ ተሰልፈው የቆሙ ናቸው፤ እነዚህ ግን ለወሬ ተጠጋግተው የተቀመጡ ሽማግሌዎች ይመስላሉ። ደመናው ሲገልጥ በስተምሥራቅ ጉና ብቅ ይላል፣ ደግሞ ይጠፋል።

እማማ አንጓች ስለ ነገሥታቱ አንድም ቃል አልነገሩኝም። ያሳዩኝ የእሱን ከተማ ነው። ይህ ካብ ከትምህርት ሲቀር የሚደበቅበት። ይህ ጽድ የኔታ ፊደል ያስቆጠሩት ሥሩ ነው፤ «ሀሁን ሲጮህ እቤት ይሰማኝ ነበር፤ ዝም ሲል ደግሞ እንደተኛ አውቃለሁ።» አንድ ሰገነት ሥር ቆሙና በበትራቸው ወደ ላይ ጠቆሙ።

«ከዚህ ነው የወደቀው። እርግብ ሊይዝ ወጥቶ። አገጩ ላይ ጠባሳ አለው አይደል?»

«እሱማ በፈረስ ጉግስ ስጫወት ነው ብሎኛል።»

«ፈረስ?» በትራቸው ከእጃቸው ሊወድቅ ደረሰ። «የማንን ፈረስ? አህያ እንኳ አልነበረን!» በመነጽሩ ሥር እየሳቁ ክንዴን ያዙ። «ስትመለሺ ጠይቂው። አክስትህ የትኛው ፈረስ ነው አለችህ በይው።»

«እጠይቀዋለሁ» አልኩ። እውነቴን ነበር። ለአፍታ እንዴት እንደምጠይቀው፣ እራት ላይ ይሁን ወይስ በረንዳ ላይ፣ እሱ እንዴት እንደሚያፍር አሰብኩ። ከዚያ መንገዱ መልሶ ከእግሬ ሥር መጣ።

በየበሩ ሰው ይወጣል። «ይስማው ደህና ነው?» ይላሉ። «ደህና ነው» እላለሁ። እጄን ሲጨብጡኝ ግን አይለቁትም፤ ጨበጥ፣ ጨበጥ ያደርጉኛል፤ በአፋቸው ያላሉትን በጣታቸው ይሉኛል። ያን የሚያህል ለቅሶ በዝምታ ተደርሶልኝ አያውቅም። ደግሞም ያን የሚያህል ሰው ባሌን በሕይወት አቆይቶልኝ አያውቅም።

ሁሉን ሊያበላሹ የደረሱት አያ ጌጡ ናቸው። ሸማኔ ናቸው፤ ከእማማ አንጓች ጋር አብሮ አደግ። ከሽመና ጉድጓዳቸው ሳይነሱ ደስታቸው አምልጧቸው «ይስማው! እንዴ፣ ትናንት እኮ ደወለልኝ!» አሉ።

የዝና ዓይኗን ጨፈነች።

«ለአንተ?» አሉ እማማ አንጓች።

«አዎ፤ ሰላም በልልኝ አለ።»

«ስልክ የለህም።»

«በልጄ ስልክ ነው እንጂ...»

«ልጅህ ጎንደር ነው።»

አያ ጌጡ መወርወሪያቸውን ይዘው ቀሩ። እማማ አንጓች ዞረው ሄዱ። ጽዱ ሥር ደርሰው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ፣ አገጫቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ለሸማኔ ይደወላል» አሉ። «ላሳደገች አይደወልም።»

የዝና በጆሮዬ «ልታለቅስ ነው፣ ዓይኗ!» አለችኝ። እኔ ፊታቸው ተንበረከክሁ።

«እማማ፣ አያ ጌጡ እርስዎን ደስ ለማሰኘት ዋሽተው ነው። ይስማው ለማንም አልደወለም። የሚደውል ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ለአንቱ ነበር።»

ለረጅም ጊዜ በጥቁሩ መስታወት ተመለከቱኝ። «አንቱ ማለት ለመድሽ» አሉና እንድደግፋቸው እጃቸውን ሰጡኝ። የዚያን ቀን ከተናገርኩት ሁሉ እውነቱ ያ ብቻ ነበር።

ማታ አያ ጌጡ በልጅ ልጃቸው እጅ አንድ እንስራ ጠላ ላኩ። «ለመድኃኒቱ ሻይ ማውረጃ» አሉ አሉ።

አራተኛው ቀን

ጋፋትን እንዳይ የዝና በባጃጅ ወሰደችኝ። ባጃጁ ከዋናው መንገድ ላይ ጣለንና በእግር ሄድን። ንጉሡ መድፍ ያሠሩበት ቦታ ነው። ዛሬ ጉብታ ነው፣ ገብስ ነው፣ በገብሱ መሐል የሚያልፍ ቀጭን መንገድ ነው። አጫጆች ጎንበስ ብለው ይዘፍናሉ፤ ድምፃቸው ከነፋሱ ጋር ቀረብ ራቅ ይላል። ይስማው በልጅነቱ የቀለጠ ብረት ቅሪት ሊለቅም ይመጣበት ነበር ትለኛለች። መሬቱን እያየሁ ሄድኩ። ጥቁር፣ የተቦረቦረች፣ ከመጠኗ ይልቅ የምትከብድ ድንጋይ አገኘሁና ጨብጬ መልሼ ከቦታዋ አኖርኳት። የእሱ ትሆናለች፤ ረስቷት ይሆናል።

የዝና ጉብታው ላይ ነጠላዋን አነጠፈችልኝ። «ይኸው ሜዳ ነው ዋርሳዬ። እዚህ እምዬ አትሰማሽም። አልቅሺ።»

ተቀመጥኩ። እንባ የለም። ይዤው የመጣሁት ለቅሶ የት እንደሄደ አላውቅም።

«እኔ ጅዳ እያለሁ አባቴ ሞተ» አለች የዝና፣ ሣር እየነጨች። «አልነገሩኝም። እንዳልጎዳ ብለው ዓመት ሙሉ ደበቁኝ። እኔ በየበዓሉ ሸሚዝ እልክለት ነበር። ነጭ፣ እጀ ሙሉ።»

«አልተናደድሽም?»

«ማበዴ ነው! ስመለስ ሸሚዞቹን በሳጥን ውስጥ ከነላስቲካቸው አየኋቸው። አንድ ወር አላናገርኳቸውም።» የነጨችውን ሣር በተነች። «አሁን ግን ሳስበው... ለሌላው ሰው በዚያ ቀን ሞተ። ለእኔ አንድ ዓመት ጨምሮ ኖረ። ያን ዓመት ማን ይሰጠኝ ነበር?»

አጫጆቹ አንዱን ዘፈን ጨርሰው ሌላ አነሱ። የዝና ጉሮሮዋን ጠረገች። «ትናንት ከሰዓት ዓይኗን አይተውላት ነበር። ድኗል፤ መነጽሩንም ልትተወው ትችላለች። ሽማግሌዎቹ ተነጋግረዋል። ነገ በማለዳ ነው።»

«አንድ ቀን ጨምሩላቸው» አልኩ።

«ለእሷ?»

ለማልቀስ ብዬ ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁ ሴት፣ ለቅሶው ሲደርስ ነገ ይሁን እያልኩ ነበር። ደብረ ታቦር ላይ ባሌ ትምህርት ቤት ነው ያለው። ደህና ነው። ድሬዳዋ ላይ ብቻ ነው የሞተው።

የዝና ትከሻዬን አቅፋ «አይሆንም ዋርሳዬ» አለችኝ፣ በቀስታ። «ትናንት በስልኩ ጉዳይ እንዴት እንደሆነች አላየሽም? አሁን የተቀየመችው እሱን ነው። ሞቶ እንዴት ይቀየሙታል?»

ተነስቼ ነጠላዋን አራግፌ መለስኩላት።

ስንመለስ እማማ አንጓች መነጽራቸውን አውልቀው ገብስ ቆልተው፣ አስፈጭተው፣ በሶ በንጹሕ ጨርቅ ሲቋጥሩ አገኘናቸው። ዓይናቸውን ያኔ አየሁት፤ ጥርት ያለ፣ እንደ ታጠበ። «ይህን እንዳትነኪ፣ የእሱ ነው። በማር ለውሶ ይብላ፤ ስልክ ባይደውልም ይብላ» አሉኝ። ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ አጠበቁት። እኔ ጨርቁን ያዝኩላቸው።

አምስተኛው ቀን

ገና ጎህ ሲቀድ መጡ። የነፍስ አባታቸው ቄስ፣ አያ ጌጡ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ ሴቶቹ ከኋላ። ማንም አልጮኸም። እማማ አንጓች በር ከፍተው ቆሙ። ስንት ዓመት በጭጋግ ያየ ዓይናቸው በዚያ ብርሃን የእያንዳንዱን ሰው ትከሻ ለየ። ነጠላው ሁሉ ለሐዘን ተዘቅዝቆ ነበር።

ቄሱ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት «ዓይኔን ያሳከማችሁኝ ይህን እንዳይ ነው?» አሉ።

ያዟቸው። ቄሱ በዝግታ፣ ስሙን ጠርተው ነገሯቸው። ያን ጊዜ የወጣውን ድምፅ አልጽፈውም። «እኔ እኮ ተቀይሜው ነበር» ይላሉ ደጋግመው፤ «ስልክ አልደወለም ብዬ፣ ልጄን፣ ተቀይሜው ነበር።» አያ ጌጡ መሬት ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

እኔ በአረንጓዴው ቀሚስ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜአለሁ። ዓይኔ ደርቋል። በዚያ ሁሉ ነጭ መሐል ያለሁ አንድ ቅጠል ነኝ።

እማማ አንጓች ቀና አሉና አዩኝ። ልቅሷቸው ቆመ። ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከቱኝ፣ ቀሚሱን፣ ሻርፑን፤ ነገሩ በፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ሲገባቸው አየሁት።

«ባሏን ቀብራ መጥታ...» አሉ። «ከሏን አስወልቃችኋት? ስለ እኔ ዓይን?» ተነሱ፤ የሚደግፏቸውን እጆች ገፈተሩ። «አምጡ። ልብሷን አምጡላት!»

የዝና ፌስታሉን አመጣች። እማማ አንጓች ወደ ጓዳ ወሰዱኝ። እንደ ሕፃን «እጅሽን አንሺ» አሉኝ፤ አነሳሁ። አረንጓዴውን አውልቀው ጥቁሩን በራሴ አጠለቁልኝ፣ ቁልፉን አንድ በአንድ ቆለፉ፣ አንገትጌውን አቀኑ። እጃቸው ገብስ ገብስ ይሸታል።

«እንግዲህ አልቅሺ ልጄ» አሉ። «እኔ አለሁ።»

አለቀስኩ።

መመለስ

ሠልስቱ እስኪያልፍ ቆየሁ። ጎረቤቱ በየተራ እዝን ይዞ መጣ፤ ድንች፣ ሽሮ፣ ንፍሮ፤ አንድ ቀን እንኳ ምድጃ አልነደደም። በእኛ ሰፈር ድንኳንና ሰሃን እንከራያለን፤ እዚያ እያንዳንዷ ሴት ከነድስቷ ትመጣና ድስቷን ሳትጠይቅ ትሄዳለች። ያ በሶ ለቄሶቹና ለሐዘንተኛው ታደለ። ለእኔም አንድ እፍኝ ደረሰኝ።

በሄድኩ ቀን መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። ሚኒባሱ ሲሞላ እማማ አንጓች በመስኮቱ እጃቸውን አስገብተው የቀሚሴን እጅጌ ያዙ። «ይህን ድሬዋ ላይ እንዳታወልቂው። በሙት ዓመቱ ነይ። ያለበስኩሽ እኔ ነኝ፣ የማወልቅልሽም እኔ ነኝ።»

«አንቱም እስከዚያ...» ብዬ ጀመርኩና መጨረስ አቃተኝ።

«እስከዚያማ አልሞትም» አሉ። «ሥራ አለብኝ።»

አሁን ድሬዳዋ ሙቀቱ መጥቷል። ጎረቤቶቼ በዚህ ፀሐይ ጥቁሩን አውልቂ፣ ነጠላ ብቻ ይበቃል ይሉኛል። ምክንያቱን ይኸው ጻፍኩላቸው። አረንጓዴው ቀሚስ ደብረ ታቦር ነው፤ እማማ አንጓች አልጋ ራስጌ፣ ግድግዳው ላይ ካለው ችንካር ተሰቅሏል። «እስክትመጪ ድረስ እምዬ ጠዋት ጠዋት አቧራውን ታራግፈዋለች» ብላ የዝና በስልክ ነገረችኝ።